የአባቴ ወንጭፍ ጣቴ ላይ ተበጠሰች፤ ትጠገናለች ወይስ ልጣላት?

የቀርሳው በቆሎ

ሰላም ለሁላችሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጅማ ከተማ ውስጥ ወረቀት ሳገላብጥ እውላለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ቀርሳ፣ ከአባቴ በወረስኩት ግማሽ ሄክታር በቆሎ ላይ ነኝ። ማሳው የጫካ ጥግ ነው። እሸቱ ሲደርስ ቀን ዝንጀሮና ጦጣ፣ ማታ ከርከሮ ይፈራረቁበታል። አባቴ በሕይወት ሳለ ማማው ላይ ሆኖ የሚጠብቀው በአንዲት ወንጭፍ ነበር። ገመዷ በቃጫ የተጎነጎነ ነው፤ ድንጋዩ የሚቀመጥበት መሐሏ የበሬ ቆዳ ነው፤ ስትታጠፍ ከብብቴ እስከ መዳፌ ትደርሳለች። አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው። ወንጭፏን በፌስታል ጠቅልዬ አልጋ ሥር ካለው ሳጥን ውስጥ አስቀምጫት ነበር፤ ማክበሬ ነው።

ዘንድሮ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሳወጣት ቆዳው አመድ የተነፋበት ይመስል ነጭ ሻጋታ ለብሷል፤ ሽታዋም የከረመ ጆንያ ሽታ ነው። በሳሙና አጥቤ ከሰል ምድጃ አጠገብ አደረቅኳት። መድረቁን ደረቀች፤ ቆዳው ግን እንደ አደረ ቂጣ ድርቅ ብሎ ቀረ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ደህና ሠራች። በሁለተኛው ቅዳሜ ሦስተኛውን ድንጋይ ሳሽከረክር ጣቴ ላይ የሚጠለቀው ቀለበት ተበጠሰ። ድንጋዩ ወደ ማሳው መሄዱ ቀርቶ ወደ ኋላዬ ተፈናጥሮ የጎረቤቴን ቆርቆሮ መታው። የእህቴ ልጅ እዚያው ቆርቆሮ ሥር እሸት እየጠበሰ ነበር። ልጁ ሳቀ። እኔ ጉልበቴ ከዳኝና ማማው ላይ ቁጭ አልኩ።

ምን አጠፋሁ? ገመዱ መሐል ላይ ምንም አልሆነም፤ በሁለት እጄ ጎትቼ ሞክሬዋለሁ፣ ንቅንቅ አይልም። ቀለበቱን ብቻ ቋጥሬ ልቀጥል ወይስ ሁሉንም ልተወው? የሚያውቅ ሰው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

ፈጣን እጅ

ከመነዳሪው አርጅቶ ነው። ጎማ ቤት ሄደህ አዲስ ቁራጭ ለምንና ሁለቱንም በኩል እኩል ቆርጠህ እሰር። ከፀሐይ አርቀው፣ ዘይት አታስነካው።

የቀርሳው በቆሎ

አመሰግናለሁ ወንድሜ፤ ግን አንተ የምትለው የባላ እንጨቱን ነው። የእኔ ጎማ የላትም። ሁለት ገመድና አንድ ቆዳ ብቻ ናት፤ ተሽከርክራ የምትወነጭፈዋን ነው የምለው።

ኮርቻ ሰፊው

ልጄ፣ አባትህን ነፍስ ይማር። እኔ ሂርማታ ገበያ አጠገብ አርባ ዓመት የበቅሎ ኮርቻ ሰፍቻለሁ። አሁን ኮርቻ የሚያሠራ ሰው ስለጠፋ የተማሪ ቦርሳ እጠግናለሁ፤ ዚፕ የሚባል ነገር በእርጅናዬ መጥቶብኛል። ልጅ ሳለሁ ደግሞ በእሸት ወራት ከማማ የምወርደው ለእንቅልፍ ብቻ ነበር። ስለዚህ ወንጭፍህን ሳላያት አሟሟቷን ልነግርህ እችላለሁ። አንድ ጊዜ አይደለም የገደልካት፣ ሦስት ጊዜ ነው።

መጀመሪያ በፌስታሉ ገደልካት። ጅማ ነው ያለኸው። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊሜትር ዝናብ የሚወርድበት፣ ጫማ እንኳ ሁለት ሳምንት ካልተጫሙት የሚሻግትበት አገር ነው። ቃጫና ቆዳ ይተነፍሳሉ፤ ፌስታል ውስጥ ሲታፈኑ ያዘሉትን እርጥበት መልሰው ራሳቸው ይጠጡታል። ሻጋታው ቆዳው ላይ ስለታየህ ቆዳው ብቻ የታመመ መሰለህ። ቃጫውም ከውስጥ በስብሷል፤ ግን ቀለሙ ስለማይለወጥ አይናገርም።

ቀጥለህ በሳሙና ገደልካት። ቆዳ ለስላሳ የሚሆነው በውስጡ ባለው ስብ ነው፤ ሳሙና ደግሞ ሥራው ስብ ማውጣት ነው። አባትህ ስንት ዓመት በእጁ ላብና በሞራ ያበላትን በአንድ ጠዋት አጥበህ ደፋኸው። በመጨረሻም በእሳት ጨረስካት። እርጥብ ቆዳ እሳት አጠገብ ሲቀርብ ይኮማተራል፤ አንዴ ከተኮማተረ በኋላ ቅቤ ብታፈስበትም አይመለስም። ለእኔ ሥራ የመጡ ስንት ኮርቻዎች በዚህ ጠፍተዋል! ዝናብ ያረጠባትን ኮርቻ እሳት ዳር አስደግፎ፣ ማግስቱን «ሰፊው በመጥፎ ቆዳ ሠራብኝ» የሚል ሰው አይጠፋም።

አሁን ስለ መጎተትህ። መሐሉን ጎትተህ «ጠንካራ ነው» ማለትህ የበቅሎዋን ጀርባ ዳብሶ ኮቴዋን ሳያዩ እንደመግዛት ነው። ወንጭፍ መሐል ገመዱ ላይ አይበጠስም። የሚበጠሰው ሦስት ቦታ ላይ ነው፤ ጣት በሚገባበት ቀለበት፣ ገመዱ ከቆዳው ጋር በሚገናኝበት ቀዳዳ፣ እና ከጣት በሚለቀቀው ገመድ ጫፍ ላይ። ቀለበቱ በላብና በመታሸት ያልቃል። ቀዳዳው በእያንዳንዱ ውርወራ ትንሽ ትንሽ እየተለጠጠ ከክብነት ወደ ሞላላነት ይለወጣል፤ ሞላላ ካየህ ጊዜው ቀርቧል። የሚለቀቀው ጫፍ ደግሞ እንደ ጅራፍ ስለሚጮህ እየተበተነ ፂም ያወጣል።

በዓይንህ አትመርምራት። እኔ ስፌት የምመረምረው ዓይኔን ጨፍኜ ነው። ገመዷን በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መሐል ይዘህ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብለህ አሳልፋት። ደህና ቃጫ በጣት ስር እኩል ይሄዳል። የታመመው ቦታ ላይ ቅጥነት፣ ወይም ድርቀት፣ ወይም እንደ ገለባ ኮሽ የሚል ነገር ታገኛለህ። እዚያ ቦታ ላይ ጉንጉኑን በትንሹ ከፈት አድርገህ አንዲት ዘለላ በጥፍርህ እጠፍ፤ ከተጠማዘዘች ደህና፣ ቀጭ ካለች ገመዱ አብቅቶለታል። ይህን በእሸት ወራት በየጠዋቱ ማማ ላይ ከመውጣትህ በፊት አድርግ፤ ቡና ከሚፈላበት ጊዜ ያነሰ ነው የሚፈጀው።

የተበጠሰውን ቀለበት እንዳትቋጥር። ያንተ ቃጫ ሁሉም አንድ ሳጥን ውስጥ ሦስት ክረምት ከርሟል። ቀለበቱ ዛሬ ሄደ፣ ነገ ደግሞ ሌላው ይሄዳል። ገመዶቹን ሁለቱንም ጣላቸው። ቆዳውን ግን አትጣል፤ ስለ እሱ ቆይቼ እጽፋለሁ፣ ደንበኛ መጣ።

የማማ ልጅ

ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እኔ ሰቃ ጨቆርሳ በኩል ያደግኩ ሴት ነኝ፤ አራት እህትማማቾች ስለነበርን ማማው የእኛ ነበር። ወንዶቹ ከብት ጋር ነበሩ። ስለ ወንጭፍ ዕድሜ ሲወራ ሁሉም ስለ ገመድና ስለ ቆዳ ያወራል፤ ስለ ድንጋዩ የሚያነሳ የለም። ወንጭፍ የሚጨርሰው ድንጋይ ነው እኮ። ከመንገድ ጠርዝ የተለቀመ፣ ለግንባታ የተፈለጠ ሹል ጠጠር ቆዳውን በየቀኑ ይልጠዋል፤ ሲለቀቅም ጠርዙ ስለሚይዝ ወዳላሰቡት አቅጣጫ ይሄዳል። እናታችን ከወንዝ የተለቀመ፣ የዶሮ እንቁላል የሚያህል ድብልብል ድንጋይ ካልሆነ አታስነካንም ነበር። ዳዊትም ቢሆን ከወንዝ ነው የመረጠው። ሁሉንም በአንድ ልክ መልቀም ያስፈልጋል፤ አንዱ ትንሽ አንዱ ትልቅ ከሆነ እጅ አይለምደውም።

ከዚያ የሚሻለው ግን ጓል ነው። ቀዩን አፈር በውኃ ለውሰን፣ እንደ ድብልብል ሠርተን፣ ማማው ሥር ቆጡ ላይ እናደርቀው ነበር። ጓል ቆዳውን አይልጥም። መሬት ሲመታ ተበትኖ እንደ ዝናብ ስለሚረግፍ ጦጣ ከድንጋይ ይልቅ እሱን ትፈራለች። ባጋጣሚ ሰው ቢያገኝ ደግሞ ያቆስል ይሆናል እንጂ እንደ ድንጋይ አይሆንም። ወንድሜ፣ ልጅ ማሳው አካባቢ ካለ ድንጋዩን ተወው፤ በጓል ጠብቅ።

ሌላው የእናታችን ሕግ፦ ከመወንጨፍ በፊት ዞር ብሎ ኋላን ማየት፣ ከዚያ «ሁ!» ብሎ መጮህ። ጩኸቱ ግማሹን ሥራ ይሠራል፤ ዝንጀሮው ይሸሻል፣ ሰውም ይጠነቀቃል። ማሽከርከርም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አራት አምስት ጊዜ እያሽከረከረ የሚያስጮህ ሰው ለታይታ ነው፤ ገመዱን ይጨርሳል፣ ክንዱ ይደክማል፣ ድንጋዩም መቼ እንደሚወጣ ራሱ አያውቅም። ደግሞም ወደ ዝንጀሮው ሳይሆን ወደ ፊቱ፣ መሬቱ ላይ ነው የሚወነጨፈው። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መግደል በሕግ ያስቀጣል። ሕጉን እንተወውና፣ የቆሰለ ዝንጀሮ ያለበት መንጋ ማሳ ውስጥ ከገባ ሌላ ጣጣ ነው።

ፊዚክስ አስተማሪ

ስለ ቀለበቱ መበጠስ አንድ ስሌት ልጨምር፤ ተማሪዎቼ ይህን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ሲያዩት ያዛጋሉ፣ እዚህ ግን ቆርቆሮ የመታ ነገር አለ።

ድንጋዩ 100 ግራም ነው እንበል። ገመዱ ታጥፎ 80 ሴንቲሜትር፣ የድንጋዩ ፍጥነት በሰከንድ 25 ሜትር ይሁን፤ ይህም በሰዓት 90 ኪሎሜትር ነው፣ ለለመደ ሰው ብዙ አይደለም። የእጁን እንቅስቃሴ ለጊዜው ትተን ፍጥነቱን በራሱ አባዝተን፣ በክብደቱ አባዝተን፣ ለርዝመቱ ብናካፍል 78 ኒውተን ይመጣል። ማለትም መቶ ግራሟ ጠጠር 8 ኪሎ የሚመዝን ነገር የተንጠለጠለ ያህል ትጎትታለች። ድንጋዩ 200 ግራም ከሆነ 16 ኪሎ ይሆናል። ፍጥነቱ እጥፍ ከሆነ ግን መጎተቱ እጥፍ አይደለም፤ አራት እጥፍ ነው። የሚያስገርመው ይኸኛው ነው። ሰው ትልቅ ድንጋይ ሲያነሣ ይጠነቀቃል፣ በኃይል ሲያሽከረክር ግን አይጠነቀቅም።

ቋጠሮንም በሚመለከት ጋሼ ልክ ናቸው። ቋጠሮ ገመዱን በሹል ስለሚያጥፈው ጥንካሬውን እስከ ግማሽ ድረስ ሊቀንሰው ይችላል። ገመዱ ሲበጠስ ድንጋዩ የሚሄደው በዚያች ቅጽበት ፊቱን ወዳዞረበት ነው፤ ዙሩ ክብ ስለሆነ ያ አቅጣጫ ፊትም፣ ጎንም፣ ኋላም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ከኋላዬ ሁን» ማለት መከላከያ አይደለም። ልጁ ከማማው ሥር፣ ወይም ቤት ውስጥ መሆን አለበት።

የቀርሳው በቆሎ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ገመዶቹን ዛሬ ቆረጥኳቸው። ጋሼ እንዳሉት አንዷን ዘለላ በጥፍሬ ሳጥፋት እንደ ደረቀ ሣር ቀጭ አለች፤ ያውም ጠንካራ ነው ያልኩት መሐሉ ላይ። ደነገጥኩ።

አሁን ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ አዲሱን ገመድ በናይለን ሲባጎ ብሠራው ምን ይለዋል? አይበሰብስም ብዬ ነው። ጎረቤቴ ደግሞ ከማዳበሪያ ጆንያ ፈትሎ ሰጥቶኛል፣ በነፃ። ሁለተኛ፣ ቆዳውን ለማለስለስ ቤት ውስጥ ለጋ ቅቤ አለ፣ ልቀባው?

የማማ ልጅ

ቅቤ አይሆንም! እኛ ቤት አንድ ዓመት በቅቤ ያሸነውን ወንጭፍ አይጥ መሐሉን በልቶት፣ ሁለቱ ገመዶች ብቻ ምስማሩ ላይ ተንጠልጥለው አገኘናቸው።

ኮርቻ ሰፊው

አይጡንስ ድመት ይጠብቀዋል። የለጋ ቅቤ ጥፋቱ ውኃና ወተት በውስጡ መኖሩ ነው፤ ይኮመጥጣል፣ ሻጋታውንም መልሶ ይጠራዋል። ንጥር ቅቤም ለወጥ ነው፣ ለቆዳ አይደለም። የቀለጠ የበሬ ሞራ፣ ወይም የጉሎ ዘይት ውሰድ። መጀመሪያ አቼቶ በእኩል ውኃ አቅጥነህ፣ በጨርቅ ነክረህ ጨምቀህ ሻጋታውን ጥረግ፤ ጨርቁ እርጥብ ይሁን እንጂ አያንጠብጥብ። ጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚነካው ቦታ አንድ ቀን ሙሉ ይደር። ከዚያ ዘይቱን በጣትህ፣ ትንሽ ትንሽ፣ በእጅህ እያሸህ አብላው። አብዝተህ ብትደፋበት ቆዳው ልል ይሆንና ድንጋዩን አይዝም። ሲታጠፍ ጠርዙ ላይ ስንጥቅ ካየህ ግን ዘይት አያድነውም፤ አባትህ ነው ብለህ አትሟገተኝ፣ አዲስ ቆዳ ቁረጥ።

ስለ ገመዱ። የማዳበሪያ ጆንያውን ለጎረቤትህ መልስለት፣ ወይም ጥጃ እሰርበት። ያ ክር ፀሐይ ላይ ከዋለ በወራት ውስጥ ይደርቅና በጣትህ ስታሸው እንደ እብቅ ይረግፋል። ማማ ላይ ደግሞ ከፀሐይ በቀር ምን አለ? ናይለን አይበሰብስም፣ እውነት ነው። ነገር ግን ሲጎተት ስለሚለጠጥ ድንጋዩ የሚለቀቅበትን ጊዜ ያዛባብሃል፤ ሙልጭልጭ ስለሆነ ቋጠሮው ራሱን ይፈታል፤ እሱም በፀሐይ ይደክማል። ከተጠቀምክበት ጫፉን በእሳት አቅልጠህ አትመው፣ ከዓመት በላይ አታቆየው። እኔ ከጠየቅከኝ ግን ቃጫ ነው። የእንሰቱ ቃጫ ገበያ ላይ አለ፤ ነጭ፣ ረጃጅምና ሽታ የሌለውን ምረጥ። ቃጫ ሲያረጅ ይነግርሃል፣ ቀስ እያለ ፂም ያወጣል። ናይለን ግን ዝም ብሎ ቆይቶ አንድ ቀን ይከዳሃል።

አጎነጓኘቱ እንደ ሹሩባ በሦስት ይሁን፣ በአራት ከቻልክ የተሻለ። ሁለቱ ገመዶች እኩል መሆናቸውን ቆዳው ላይ ድንጋይ አስቀምጠህ አንጠልጥለህ እይ። ቃጫ ሲረጥብ ያብጥና ያጥራል፣ ቆዳ ሲረጥብ ይረዝማል፤ ስለዚህ በዝናብ የረጠበች ወንጭፍ የትናንቷ ወንጭፍ አይደለችም። በዝናብ አትወንጭፍ። የግድ ከሆነ ሰም አብላት። ጅማ ተቀምጦ ሰም ማጣት ነውር ነው! ማር ከሚያጣሩ ሰዎች ሰፈፉን አምጣ፣ አቅልጠህ አጥራው፤ ሲረጋ ድቡልቡሉን በገመዱ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ፈትገው፣ ከዚያ ገመዱን በመዳፍህ አጥብቀህ ይዘህ አሸው። በመታሸቱ ሙቀት ሰሙ ወደ ውስጥ ይገባል። ቀልጦ በሚፈላ ሰም ውስጥ እንዳትነክረው፣ እንደ ጧፍ ደርቆ ይቀራል።

ቀለበቱን በቋጠሮ አትሥራው። የገመዱን ጫፍ መልሰህ ጉንጉኑ ውስጥ አስገብተህ ሦስት አራት ጊዜ አሳልፈው፣ ከዚያ በወስፌ በስተህ ሰም ባለው ክር ስፋው። ላዩን ስስ የፍየል ቆዳ አልብሰው፤ በየዓመቱ የምትቀይረው ያንን ልባስ ነው። የመሐል ጣትህ ሲገባና ሲወጣ ሳይያዝ፣ ግን እጅህን ወደ ታች ብታራግፍ የማይወድቅ ይሁን። ገመዱን እጅ አንጓህ ላይ የምትጠመጥም ከሆነ ደግሞ ከእኔ ጋር ተጣልተናል።

ያ አስተማሪ ያመጣውን ቁጥር ወድጄዋለሁ፤ እኛም ሳናሰላው እናደርገው ነበር። ወንጭፏን ሠርተህ ስትጨርስ ቀለበቱንና የሚለቀቀውን ጫፍ አንድ ላይ ከቤቱ ተሸካሚ እንጨት ላይ እሰራቸው፣ ቆዳው ላይ ደግሞ ሩብ ኩንታል፣ 25 ኪሎ በቆሎ በጆንያ አንጠልጥል። ሌሊቱን ይደር። በ8 ኪሎ የምትሠራ ነገር በ25 ካልተበጠሰች ማማ ላይ አታዋርድህም። ጠዋት ስታወርዳት ቀዳዳዎቹን ዳስስ።

ማስቀመጫዋ ሳጥን አይደለም። ወጥ ቤት ውስጥ፣ ጭሱ እንጂ ሙቀቱ በማይደርስበት ከፍታ፣ ምስማር ላይ ተንጠልጥላ ትዋል። ጭስ ሻጋታን ያባርራል። ሳትታጠፍ፣ ሳትጠመጠም፣ ተዘርግታ ትንጠልጠል። ወጥ ቤትህ በኤሌክትሪክ ከሆነ፣ የዛሬ ሰው ነህና፣ ነፋስ ያለበት ግድግዳ ይበቃል፤ በወር አንዴ ግን አውርደህ እሻት።

የቀርሳው በቆሎ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቆዳውን በአቼቶ ጠረግኩት፤ ሁለት ጊዜ ጉሎ ካበላሁት በኋላ መታጠፍ ጀምሯል። አንዱ ጠርዝ ላይ ብቻ የጥፍር ያህል ስንጥቅ አለ፣ ቀዳዳው ጋ አይደርስም። ያንን ጠርዝ ቆርጬ ላጥብበው ይሆን? ደግሞ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ፦ አባቴ የሰፋው የቆዳው ሸካራ ፊት ወደ ውስጥ ሆኖ ነው። ተሳስቶ ነው ወይስ ሆን ብሎ?

ኮርቻ ሰፊው

ሆን ብሎ ነው። ሸካራው ድንጋዩን ይይዛል፣ ለስላሳው ያንሸራትታል። አባትህ ሥራውን ያውቅ ነበር።

ጠርዙን አንተ አትቁረጠው፣ እጅህን አላውቀውም። ሐሙስ ለገበያ ከወጣህ ቆዳውን ይዘህልኝ ና፤ ቃጫውንም አብረን እንመርጣለን። ከኮርቻ ሰፊዎች የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝና ገበያው ውስጥ ብትጠይቅ ያሳዩሃል። የእህትህን ልጅ ይዘኸው ና፣ ወስፌ መያዝ ይማር።

የቀርሳው በቆሎ

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ፈቃድ ጠይቄ እመጣለሁ። ልጁ ግን ትምህርት ስላልተከፈተ ከጠዋት ጀምሮ ነው የሚነዘንዘኝ።